የአያ ጫኔ ማር

አያ ጫኔ መሞቱን የሰማሁት አንድ ባላገር ሱሪውን ሊያሳጥር በመጣበት ጧት ነው። ሰውዬው ሱሪውን በክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ባዶውን ወንበርና ጨርቅ የለበሰውን የስፌት ማኪና ያያል። «ይኼ ልብስ ሰፊ ዛሬም አልመጣም?» አለኝ። «ትንሽ አሞታል፤ ነገ ተነገ ወዲያ ይመጣል» አልኩት። አፌን ሳልዘጋ የአያ ጫኔ ጎረቤት የሆነችው ሴትዮ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከመንገዱ ማዶ ስትመጣ አየኋት። ምን ትበል? ነጠላው ተናግሯል።

እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የሰውዬውን ሱሪ ተቀብዬ ከጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩት። «በሳምንቱ ና» አልኩት። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማሾለክ የማልችል ሰው! ከዚያ ብዕሬን ጠርጌ ወደ ቁስቋም፣ ወደ አያ ጫኔ ቤት ሄድኩ።

እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። አቤቱታ ላለው አቤቱታ፣ ይግባኝ ላለው ይግባኝ እጽፋለሁ። ጎንደር አራዳ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደ አንድ ቤት በረንዳ ላይ፣ እኔ ከብዕሬ እሱ ከማኪናው ጋር ጎን ለጎን ሃያ ዓመት ያህል ተቀምጠናል። ዐሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ አያ እለው ነበር። እሱ ደግሞ «አንተ ጸሐፊ» ይለኝ ነበር። ስሜን ጠርቶኝ ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

ሲሠራ ስፒሎቹን በከንፈሩ ነክሶ ነው። ደንበኛው ይኼ የሙያው ደንብ ይመስለዋል። እኔ ግን ጠባዩን አውቃለሁ፤ ንዴት ሲመጣበት የሚሰፋ ልብስ እንኳ ሳይኖር ሦስት አራት ስፒል አንስቶ አፉ ውስጥ ይከታል። «ስፒል የነከሰ ሰው አይሳደብም» ይል ነበር። አንዳንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ እንደነከሰ ይውላል፤ ያን ቀን እኔም ወሬ አልጀምርም።

እንከን አልነበረውም ብዬ አልዋሽም። ለክር ስስታም ነበር። ከወለል ላይ የአንድ ጣት ቁራጭ ጎንበስ ብሎ ያነሳል። በአዝራር የተነሳ ከስንቱ ሰው ጋር ተጣልቷል! የራሱ ኮት ብብቱ ላይ ተተርትሮ ዓመታት ኖሯል። ለልጅ ልብስ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። የታችኛውን እጥፋት አንድ ስንዝር አድርጎ ይተዋል። «ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ አያድግም። ለልጅ እጥፋት የነፈገ ልብስ ሰፊ ሌባ ነው» ይላል። ጎንደር ውስጥ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀው ነበር።

የራሱ ልጅ ግን አልነበረውም። ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እመት ጥሩነሽን ሲያገባ የአራት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ስመኝ ትባላለች። የልጅቱ አባት ፈረደ፣ በጣሊያን ጊዜ ሚስቱ እርጉዝ ሳለች ዱር ገባ። አርበኛ ነበር፤ ይኼን አልክድበትም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ትክል ድንጋይ የሚባል አገር ሌላ አግብቶ እዚያው እርሻውን ያዘ። ለልጁ አንድ ክንድ አቡጄዲ እንኳ አልላከላትም። እመት ጥሩነሽም ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ አልወለደችም።

አያ ጫኔ ስመኝን የጡት ልጁ ሊያደርጋት ፈለገ። ወጉን ያልደረሰበት ወጣት ካለ ልንገረው። ወላጅ አባት በሽማግሌ ፊት «ሰጥቻለሁ» ይላል። ተቀባዩ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ልጁን ያጠባል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ እንደወለደው ነው። በስሙ ይጠራል፣ ይወርሰዋል፣ ሰባት ቤት ሲቆጠርም አብሮ ይቆጠራል። ወላጁ እምቢ ካለ ግን ማሩ ማር ብቻ ነው።

«ኑዛዜ ተናዘዝላት። እኔ እጽፍልሃለሁ። ምን አስጨነቀህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ኑዛዜ ለቤትና ለማኪና ነው» አለኝ። «እኔ የምፈልገው ሰው ‘የማን ልጅ ነሽ?’ ሲላት አፏ እንዳይያዝ ነው። ትናንት አንዷ ጠየቀቻት። እኔን አየች፣ እናቷን አየች፣ መሬት አየች። ይኼ ለልጅ ይገባል?»

ነጭ ማር ገዛ። በትንሽ ማሰሮ አድርጎ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ፣ በሰም አትሞ ቆጥ ላይ አኖረው። እስከዚያው ድረስ ግን ልጅቱን አባ እንዳትለው ከለከላት። «አባትሽ በሕይወት አለ። እሱ እስኪፈቅድ አያ በዪኝ» አላት። እሷም እንደኔው አያ ጫኔ እያለች አደገች። እኔን ያንገበግበኝ ነበር፤ የሚያበላት እሱ፣ የሚያለብሳት እሱ፣ ኩፍኝ ሲይዛት አዝሎ የሚያድር እሱ!

ስድስት ዓመት ሲሞላት ሦስት ሽማግሌዎች ይዘን ትክል ድንጋይ ወረድን። እኔ ቃሉን ልጽፍ ተከተልኩ። እሑድ ነው፣ ፈረደ ከቅዳሴ ሲመለስ ደጁ ላይ ጠበቅነው። አያ ጫኔ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ይኼን በፍጹም አልተማከርንም። ድንጋይ የሚሸከም ነፍስ ያጠፋ፣ ሚስት የነጠቀ፣ ርስት የገፋ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፈረደም ደነገጠ።

«ምነው? ምን በድለኸኝ ነው ድንጋይ የተሸከምከው?»

«ልጅህን ወድጄብህ» አለ አያ ጫኔ።

የፈረደ አዲሷ ሚስት ከበሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ፈረደም ልቡ የተነካ መሰለኝ። ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት። ቃሉ ግን ያው ነው። «ቂም የለኝም። ልጄን ግን አልሰጥም። ከጓደኞቼ ጋር ዱር ስገባ ስምንት ነበርን፤ የተመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ዘመን በፊት የነበረኝ ነገር ሁሉ ጠፍቷል። የቀረችኝ እሷ ናት። ስሜን ይዛ ትኑር።»

እኔ አላስቻለኝም። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! አንድ ቀን አቅፈሃት ታውቃለህ?» አልኩት። አያ ጫኔ እግሬን ረገጠኝ። በስህተት አይደለም፣ አጥብቆ ነው የረገጠኝ። ከዚያ እስከ ጎንደር ያለውን ዳገት ሁሉ ስፒል ነክሶ ወጣ። ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ከኮቱ ይሆናል።

በዓመቱ ፍርድ ቤት እንሂድ ብዬ ጎተጎትኩት። አቤቱታውን እኔ ጻፍኩ። ራሴን ላመስግን፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ አቤቱታ ጽፌ አላውቅም። «አባት ተብዬው የአብራኩን ክፋይ እንደ ቡችላ ጥሎ» ይላል፤ «ጉሮሮዋን ዘግቶ፣ ገላዋን አራቁቶ» ይላል። አያ ጫኔ ፊደል አልቆጠረምና አነበብኩለት። እግሩን ከማኪናው መርገጫ ላይ አንስቶ አዳመጠኝ።

«ይኼ ወረቀት የት ይቀመጣል?» አለኝ።

«መዝገብ ቤት ነዋ።»

«እስከ ስንት ዘመን?»

«እስከ ልጅ ልጅ። መንግሥት ወረቀት አይጥልም።»

«እንግዲያው ሰርዘው። ስመኝ ተማሪ ቤት ገብታለች። አንድ ቀን አግኝታ ታነበዋለች። አባቴ እንደ ቡችላ ጣለኝ ብላ ታንብብ?»

«አያ፣ እሱ ከተሰረዘ እንረታለን!»

«እንረታ» አለኝ።

ተረታን። ዳኛው ደግ ሰው ነበሩ፤ አዘኑ። «አባት በሕይወት ቆሞ አልሰጥም እያለ፣ በደሉም ሳይቆጠርበት፣ በምን አንጀታችን ልጁን እንነጥቀዋለን?» አሉ። እኔ ለአንድ ወር አያ ጫኔን አኮረፍኩት። ጎን ለጎን ተቀምጦ መኳረፍ ከባድ ሥራ ነው፤ እናንተው ሞክሩት።

ከዚያ በኋላ የያዘው ነገር ነው ይበልጥ ያስገረመኝ። ፈረደ በየዓመቱ ለጥምቀት ወደ ጎንደር ይወጣል። አያ ጫኔ ለስመኝ አዲስ ቀሚስ፣ ለፈረደ አዲስ ሸሚዝ ይሰፋል። ልጅቱን ይዞ ቀሐ ወንዝ ይወርድና «ያ አባትሽ ነው። ሂጂ፣ ጉልበቱን ሳሚ፤ ይኼን ስጪው» ይላታል። ፈረደ ልጁን ይመርቃል፣ ሸሚዙን ይቀበላል፤ ጥያቄው ሲነሳ እምቢ ይላል። በዓመቱ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ መጥቶ እንደገና እምቢ ይላል።

«የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ!» እለዋለሁ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል።

አንድ ዓመት ከጥምቀት ሲመለስ ማኪናውን ሳይነካ ተቀመጠ። «ፈረደ ታሟል» አለኝ። «ነገረህ?» «አልነገረኝም። የአምናው ሸሚዝ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል።» እውነቱን ነበር። ከዚያ በመጣው ጥቅምት መጨረሻ አንድ ቄስ ከትክል ድንጋይ መጡ። ፈረደ ተኝቷል፤ ሞቴ ነው ብሎ ንስሐ ሲገባ የነፍስ አባቱ ስለ ልጅቱ ጠየቁት። በያዙት ወረቀት ላይ «ልጄን ስመኝን ላሳደጋት ለአቶ ጫኔ ወድጄ ፈቅጄ ሰጥቻለሁ» ይላል። ከግርጌው አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ አትሞበታል።

አያ ጫኔ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። እጁን በሱሪው ጠረገና ወረቀቱን ተቀበለኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ነው ይኼን የጠበቀ። ያን ቀን አፉ ውስጥ አንድም ስፒል አልነበረም።

«ተነስ እንጂ! ዛሬውኑ እናድርገው» አልኩት።

«የለም፣ ለቁስቋም በዓል። ስምንት ቀን ናት። ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ስምንት ቀን ያቅተዋል? ደሞ ለጥሩነሽም ለልጅቱም እንዳትነግር። ማሩን ከቆጥ ሳወርድ ይዩ።»

ወረቀቱን እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩ። እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ኮት መስፋት ጀመረ።

በስድስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ቁስቋም ቤቱ መጡ። ስመኝን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነው። እኔንም እንድቀመጥ አስጠራኝ። ልጁ ዳባት ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ ሸጋ ልጅ ነው። ያለፈው ጥምቀት ቀሐ ላይ ተያይተዋል። አያ ጫኔ ይኼን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ስመኝ ለቀሚሷ ኪስ አውጣልኝ ብላው ነበርና። «ሴት ልጅ ኪስ ከፈለገች ደብዳቤ አለ» ብሎኛል። ያላወቀው የልጁን ዘር ነው። የልጁ አያትና የአያ ጫኔ አባት ወንድማማቾች ሆነው ተገኙ።

ትልቁ ሽማግሌ ተነሱ። «ልጅቱ የፈረደ ልጅ ከሆነች ዝምድና የለንም፤ ደስ ይለናል። ግን በሰፈሩ የጡት ልጁ ናት የሚል ወሬ ሰማን። የጡት ልጅህ ከሆነች ሦስተኛ ቤት ላይ ነን፤ ነውር ነው፣ ነገሩ ይቀራል። መምሬ መስቀል ይዘዋል። ቃልህን ስጠን።»

ስመኝ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ ናት። አያ ጫኔ ቦርሳዬን አየ። እኔም ቦርሳዬን አየሁ። ሁለት ቀን ነው የቀረው። «ሰጥቶኛል፣ ልጄ ናት» ቢል ማን ይከለክለዋል? ጋብቻው ይፈርሳል፣ ልጅቱ ትቀርለታለች፣ ስሟ ስመኝ ጫኔ ይሆናል። ያን ጊዜ አያ ጫኔ አፉ ውስጥ የነበሩትን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥቶ ገና በነጭ ክር ሽልል ተደርጎ ለጊዜው የተያያዘው አዲሱ ኮቱ ላይ ሰካቸው። ተነሳና መስቀሉን ተሳለመ።

«አልወለድኳትም። ማር አላጠባኋትም። ልጄ አይደለችም። የፈረደ ልጅ ናት» አለ።

ከጓዳ አንድ ዕቃ ወድቆ ሲሰበር ሰማን። «እሰይ! ይባርክ!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ልጮኽበት ምንም አልቀረኝም። «ምነው አያ? ምነው? ቢያንስ ለልጅቱ ንገራት!»

«ምን ብዬ? ወይ እኔን ወይ ባልሽን ምረጪ ልበላት? እሷን አውቃታለሁ። ብታውቅ አላገባም ትላለች። ካላወቀች ትቀየመኛለች። ትቀየመኝ።» ማኪናውን ትንሽ ረገጠና አቆመው። «ልብስ ሰፊ የሰፋውን ሁሉ ለብሶ አይሄድም፣ ወንድሜ። ወረቀቱ ካንተ ይቀመጥ። እኔ ቤት ከዋለ አንድ ቀን ይፈታተነኛል። ዝም በል። ዝም አይነቅዝም።»

«ወንድሜ» ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ለፈረደ ደግሞ «ልጅህ ያንተው ናት፤ ለሠርጓ ድረስ» ብሎ ላከበት።

ጥር ላይ ተሠረገ። ሞትኩ ያለው ፈረደ ድኖ መጣ! በአባት ወንበር ላይ፣ አያ ጫኔ የሰፋለትን ሸሚዝ ለብሶ ተቀመጠ። እኔ ደሜ ፈላ። አያ ጫኔ ግን ሄዶ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለለትና ጠጅ ወደ መቅዳቱ ተመለሰ። ቀና ብል ቆጡ ላይ ማሰሮዋ የለችም። «ማሩስ?» አልኩት በጆሮው። «ጠጁ ውስጥ ገባ» አለኝ። «ማር ሲቀመጥ ምን ይሠራል?»

እንዲህ ሆኖ ሰባት ዓመት አለፈ። ስመኝ ዳባት ሁለት ልጆች ወለደች። ለበዓል ትመጣለች፣ አያ ጫኔን ትስመዋለች፣ ግን የሆነ ነገር በመካከላቸው እንደቆመ እኔም አያለሁ። እመት ጥሩነሽ አስቀድማ ስትሞት እንኳ ያ ነገር አልተነሳም። በአያ ጫኔ ቀብር ዕለትም ስመኝ አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፤ አፏ ያወጣው ግን «አያ! አያ ጫኔ!» ብቻ ነው። ለቀስተኛው የእንጀራ ልጅ ናት አለ።

ከሠልስቱ በኋላ፣ በሳምንቱ፣ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። በአያ ጫኔ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት እርስዎም ነበሩ» አለችኝ። «ለጋብቻዬ ብሎ እንደማለ ይገባኛል፤ ልጅ አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሳልኝም። ፈረደን መለመኑንም ተወ። ያን ሁሉ ዓመት ደክሞት ኖሯል? ሸክሜ ተነሳለት?»

ዝም በል ብሎኛል። ሰባት ዓመት ዝም ብያለሁ። ዝም አይነቅዝም ሲል ግን ተሳስቷል፤ ፊቷን ሳየው ነቅዟል። ከቦርሳዬ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። እሱ እንዳለው ፊደል ታነባለች። አንድ ጊዜ አነበበች። ራስጌ ያለውን ቀን አየች። ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች።

«ይኼ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው።»

«በስድስት ቀን።»

«ቦርሳዎ ውስጥ ነበር? ሲምል?»

«እዚያው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ልጄ።»

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ «ማሩስ?» አለች። ማሰሮዋን በልጅነቷ ስታያት ኖራለችና።

«በሠርግሽ ጠጅ ውስጥ ነው።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የሠርጌ ዕለት ጧት» አለች፣ «ሚዜዎቹ ሳይደርሱ፣ ብቻዬን ሳለሁ ጠጅ በዋንጫ ይዞ ጓዳ ገባ። በባዶ ሆዴ አልጠጣም አልኩት። ተቀይሜው ስለነበር ዞርኩበት። አውራ ጣቱን ነክሮ ከንፈሬ ላይ አደረገልኝ። ‘ቅመሽልኝ ብቻ፤ ጣፍጦ እንደሆነ ንገሪኝ’ አለኝ። ቀመስኩለት። ጣፍጧል አልኩት። እሺ ብሎ ወጣ።»

እኔ የሕግ ነገር የምጽፍ ሰው ነኝ። ጠጅ ጠጅ ነው፣ ማር አይደለም፤ ሰጪም ሽማግሌም አልነበረም። ማንም ቄስ ይኼን አይቆጥረውም፣ መሐላውም አልፈረሰም። ይኼን ሁሉ ልነግራት ነበር፤ ተውኩት። ግንባሯን ማኪናው ላይ ደፍታ «አባቴን! ወይኔ አባቴን!» እያለች ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ?

ያ ባላገር ሱሪውን ፍለጋ የመጣው ይኼኔ ነው። በሳምንቱ ብዬው የለ። ደንግጦ ቆመ፣ ከራሱ ላይ ጥምጥሙን አወረደ።

«ምነው? አረፈ እንዴ ሰውዬው?» አለና ወደ እሷ ዞረ። «እግዜር ያጽናሽ፣ እቴ። አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

ስመኝ ቀና አለች። እኔን አላየችም፣ መሬትም አላየች።

«የጫኔ» አለች። «የልብስ ሰፊው የጫኔ ልጅ ነኝ።»

ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ ጨርቁን ከማኪናው ላይ ገፋ አድርጋ፣ ሱሪውን ያምጡልኝ አለችኝ፤ ከጠረጴዛዬ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት።